ሶዲየምን ውሃ ላይ ማሳየት፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዙሪያ የኬሚስትሪ መምህራን

የ9ኛ ክፍል ተማሪ ፔሪዮዲክ ቴብል ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ዓምድ ይሸመድዳል። ሊቲየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ሩቢዲየም፣ ሲዚየም፣ ፍራንሲየም። «ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሪአክቲቭነታቸው (ከሌላ ነገር ጋር የመዋሃድ ዝንባሌያቸው) ይጨምራል» ብሎ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ፈተና ላይ ይመልሳል፣ ያልፋል። ነገሩን በዓይኑ ግን አላየውም። ብረቱ ያለበት ጠርሙስ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ መምህሩ ስለሚፈራው ብቻ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ የማይከፈትበት ትምህርት ቤት አለ።

ፍርሃቱ ተገቢ ነው። እነዚህ ብረቶች ቀልድ አያውቁም። ግን በትክክል ከተያዙ አንድ የኬሚስትሪ መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን፣ ሊቲየምን፣ ሶዲየምንና ፖታሲየምን፣ ማሳየት ይችላል። ይህን የጻፍኩት ለዚያ መምህር ነው። ለተማሪ የቤት ሙከራ አይደለም።

ከመጀመሬ በፊት አንድ አቋሜን ልናገር። ዓላማችን ፍንዳታ አይደለም። ብዙ ሰው ኢንተርኔት ላይ ያየው ቪዲዮ ትልቅ ቁራጭ ተወርውሮ ውሃው ወደ ላይ ሲፈናጠር ነው። ከዚያ ተማሪው ይዞ የሚሄደው ድምፁን ብቻ ነው። ትንሽ ቁራጭ ግን ሁሉንም ነገር ያሳያል፦ ሲንሳፈፍ፣ ሲቀልጥ፣ ኳስ ሲሆን፣ ሲሮጥ፣ ውሃውን ቀለም ሲያስለውጥ። ቁራጩ ባነሰ ቁጥር የሚታየው ነገር ይበዛል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተሠራው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

መቼና የት

ከተቻለ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ አድርጉት። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ፣ የባሕር ዳር አየር ገና እርጥብ ነው፤ ጣናም ቅርብ ነው። እርጥብ አየር ላይ የተቆረጠ ሶዲየም ብርማ መልኩን ወዲያው ያጣል፤ ፖታሲየም ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ተማሪው አዲሱን ገጽታ ሳያይ ግራጫ ይሆንበታል። በጋ ላይ ትንሽ ፋታ ታገኛላችሁ።

ክፍሉ መስኮቱ የሚከፈት ላቦራቶሪ ይሁን። ጣሪያው የሚያፈስ፣ ጠረጴዛው እርጥብ የሆነ ቦታ አይሆንም። ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር እናድርገው የሚል ሐሳብ ይመጣል። አልመክርም። ነፋስ አለ፣ ድንገት የሚያካፋ ዝናብ አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተማሪው ዙሪያውን ስለሚከብባችሁ ርቀት ማስጠበቅ አይቻልም።

አንድ ክፍል ውስጥ 50 እና 60 ተማሪ ካለ ሁሉም ጠረጴዛው ዙሪያ ይቆም ማለት ዘበት ነው። ስልክ በመደገፊያ አቁሙና ካሜራውን ከላይ ወደ ሳፋው አዙሩት። ቴሌቪዥን ወይም ፕሮጀክተር ካለ አገናኙት። ከሌለ ቅረጹትና ወዲያው በየቡድኑ አሳዩአቸው። ቀስ ብሎ የሚያጫውት ካሜራ ያለው ስልክ ከተገኘ ደግሞ እሰየው፤ የሶዲየም ኳስ ስትሽከረከር በዓይን የማይያዘውን ነገር ያሳያል።

መጀመሪያ ጠርሙሱን መርምሩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ከማሳያው ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት፣ ተማሪ በሌለበት፣ መነጽር አድርጋችሁ ጠርሙሱን ሳትከፍቱ በመስታወቱ ውጪ ተመልከቱ።

ሶዲየምና ፖታሲየም ላምባ ወይም ፈሳሽ ፓራፊን ውስጥ ነው የሚቀመጡት። ሁለቱም ከላምባ ስለሚከብዱ ይሰጥማሉ። ሊቲየም ግን ቀላል ነው። የአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ክብደቱ 0.53 ግራም ብቻ ስለሆነ ላምባው ላይ ይንሳፈፋልና ግማሽ አካሉ አየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሊቲየም ቫዝሊን ተቀብቶ ወይም አየር በማያስገባ ዕቃ ታሽጎ ቢቀመጥ ይሻላል። ጥቁር ቅርፊት ካያችሁበት አትደንግጡ። ሊቲየም ከአየር ውስጥ ናይትሮጅን ጋር ሳይቀር በክፍል ሙቀት ሪአክት ያደርጋል። ቅርፊቱን ፍቃችሁ ውስጡን መጠቀም ይቻላል።

የሶዲየም ጠርሙስ ውስጥ ላምባው በትነት ቀንሶ ብረቱ ብቅ ብሎ ከሆነ፣ ላዩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይኖረዋል። እሱም ተቆርጦ የሚጣል ነው። ላምባውን ጨምሩና ብረቱን ሸፍኑት።

ፖታሲየም ላይ ግን ቁሙ። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ቅርፊት ካለበት ጠርሙሱን አትክፈቱ፣ አትነቅንቁ፣ ብረቱን በፍጹም አትቁረጡ። ያ ቅርፊት ሱፐርኦክሳይድ ነው፤ ብዙ ኦክሲጅን የያዘ ውሁድ። ቢላዋ ሲያርፍበት ቅርፊቱ ከላምባውና ከሥሩ ካለው ንጹሕ ብረት ጋር ይገናኛል፤ በእጃችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ጠርሙሱን ባለበት ተዉት። ቁም ሳጥኑን ቆልፉ፣ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስትሪ ክፍል ደውላችሁ ባለሙያ እንዲያየው ጠይቁ። ባጃጅ ላይ ጭናችሁ ለማድረስ አትሞክሩ። እንዲህ ያለ ፖታሲየም ካላችሁ ማሳያው በሊቲየምና በሶዲየም ብቻ ይሁን፤ ምንም አይጎድለውም።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ሰፊ፣ ከተቻለ ግልጽ የሆነ ሳፋ፦ 3 ሊትር ያህል ውሃ ይዞ ግማሹ ባዶ የሚቀር። ረጅም ወረንጦ። ስለት ያለው ደረቅ ቢላዋ። ነጭ ሴራሚክ ወይም ደረቅ ጡብ ለመቁረጫ። ደረቅ ፊልተር ፔፐር። ፌኖልፍታሊን፤ ቤዝ ሲያገኝ ሮዝ የሚሆን ጠቋሚ ፈሳሽ። ለመምህሩና ለረዳቱ መነጽርና ጋዋን፣ ፊት ለተቀመጡት ተማሪዎችም መነጽር። ወፍራም ግልጽ የፕላስቲክ መከለያ፤ በሳፋውና በተማሪዎቹ መካከል የሚቆም። መከለያው ከሌለ ፖታሲየምን አታሳዩ። ይህን በድርድር አላየውም።

እንዲሁም አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ። «ደረቅ» የሚለውን አስምሩበት። ከጣና ዳር የመጣ አሸዋ ከሆነ ፀሐይ ላይ ለቀናት ተሰጥቶ፣ ብረት ምጣድ ላይ ታምሶ፣ በክዳን መቀመጥ አለበት። እሳት ቢነሳ የምታጠፉት በዚህ አሸዋ ነው። ውሃ አይሆንም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያም አይሆንም፤ እየነደደ ያለ ሶዲየም ከእሱም ጋር ሪአክት ያደርጋል።

ፌኖልፍታሊን ካለቀባችሁ ከርከዴ ዘፍዝፉ። ቀዩ ውሃ ቤዝ ሲያገኘው ወደ አረንጓዴ ይዞራል። የቀይ ሥር ውሃ ደግሞ ጠንካራ ቤዝ ውስጥ ቢጫ ይሆናል፤ እኛ በምንጠቀመው መጠን ግን ውሃው ያን ያህል ስለማይጠነክር ከርከዴው ይመረጣል።

ውሃው ቀዝቃዛና የጠራ ይሁን። የሐይቁ ውሃ ደፍራሽ ስለሆነ ምንም አያሳይም። የቧንቧ ውሃም ባይካርቦኔት ስላለበት ሮዙን ቀለም ትንሽ ያደበዝዘዋል። በክረምት የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ካላችሁ ከሁሉም የተሻለ ነው። ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምሩበት። ብረቱ ሳፋው ጠርዝ ላይ እንዳይጣበቅ ይረዳል። ተጣብቆ የቆመ ሶዲየም ሙቀቱ አንድ ቦታ ስለሚጠራቀም በእሳት ይያያዛል፤ ሳፋውንም ሊሰነጥቅ ይችላል።

ችግር ቢፈጠር

ከመቁረጣችሁ በፊት ከረዳታችሁ ጋር ይህን አንድ ጊዜ ተነጋገሩ። ቁራጭ ቆዳ ላይ ከወደቀ መጀመሪያ በወረንጦ ወይም በደረቅ ጨርቅ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ነው በብዙ የሚፈስ ውሃ የሚታጠበው፤ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቆዳው ላይ ሪአክሽን አስነሳችሁ ማለት ነው። ዓይን ውስጥ የገባ ፍንጣቂ ወዲያው፣ ሳትጠብቁ፣ በሚፈስ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ከሪአክሽኑ የሚወጣው ቤዝ፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ዓይንን የሚጎዳው ሳያሳምም ጭምር ስለሆነ «ደህና ነኝ» የሚል ተማሪን አትመኑ። ቧንቧው በዚያ ቀን ውሃ እንዳለው አረጋግጡ። ውሃ የጠፋ ቀን ከሆነ ማሳያውን ወደ ሌላ ቀን አዙሩት፤ በጄሪካን የተቀመጠ ውሃ ዓይን ለማጠብ አይበቃም።

መቁረጥ

በወረንጦ ቁራጩን ከላምባው አውጡ። ደረቅ ፊልተር ፔፐር ላይ አኑሩና ላምባውን አድርቁ። ላምባው ከቀረ በተለይ ፖታሲየም ላይ ይነድዳል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ የነበልባሉንም ቀለም ያበላሻል። በእጅ አትንኩ። ላብ ውሃ ነው።

መጠኑን አጥብቃችሁ ያዙ። ሊቲየም በየጎኑ 4 ሚሊ ሜትር። ሶዲየም 3 ሚሊ ሜትር። ፖታሲየም 2 ሚሊ ሜትር። ማስመሪያ ሴራሚኩ አጠገብ አስቀምጡ። ከአንድ የምስር ፍሬ የሚበልጥ ነገር ወረንጦው ላይ ካያችሁ መልሳችሁ ቁረጡት።

ለዚህ መጠን ስሌቱን ከተማሪዎቻችሁ ጋር ሥሩት። በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ሶዲየም ክብደቱ 0.026 ግራም ገደማ ነው። ከእሱ የሚወጣው ሃይድሮጅን በባሕር ዳር የአየር ግፊት 17 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል። በጥሩ ሁኔታ የሚታይ፣ ግን አደጋው ትንሽ የሆነ መጠን ነው። ጎኑን በእጥፍ ብታደርጉት ግን ብረቱም ጋዙም 8 እጥፍ ይሆናል። «ትንሽ ብቻ ልጨምር» የሚለው ነገር አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ስትቆርጡ ተማሪው ልዩነቱን እንዲያይ አድርጉ። ሊቲየም ቢላዋውን ያስቸግራል። ሶዲየም በቀላሉ ይቆረጣል። ፖታሲየም ከሁለቱም ይለሰልሳል። አዲስ የተቆረጠው ፊት ብርማ ያንጸባርቃል፣ ከዚያ ዓይናችሁ እያየ ይደበዝዛል። አንድ ተማሪ ሰዓት ይያዝና የሦስቱንም ይመዝግብ። ገና ውሃ ሳንነካ የሪአክቲቭነቱ ቅደም ተከተል እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ ማለት ነው።

የቀረውን ብረት ወዲያው ወደ ላምባው መልሱና ጠርሙሱን ክደኑ። ጠርሙሱ ከሳፋው ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ። ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ የቀረ ጠርሙስና የውሃ ሳፋ ጎን ለጎን ሊቀመጡ አይገባም።

ማሳየት

ተማሪዎች 3 ሜትር ይራቁ። ሁለት ጠብታ ፌኖልፍታሊን ውሃው ውስጥ። ከሊቲየም ጀምሩ። ቁራጩን አትወርውሩ፤ በወረንጦ ውሃው መሃል ላይ አሳርፉና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉ።

ሊቲየም ይንሳፈፋል፣ ያለማቋረጥ አረፋ ያወጣል፣ ዝግ ብሎ ይዞራል። ቅርጹን ግን አይለውጥም። ማዕዘኑ እንኳን ለረጅም ጊዜ ይታያል። ከሥሩ ሮዝ ጭራ እየሳበ ይሄዳል። ተማሪው «ይኸው ነው?» ሊል ይችላል። ይበል። ዝግታው ራሱ መረጃ ነው። ማዕዘኑን ጠቁሙና «ይህን አስታውሱ» በሏቸው።

ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ሶዲየም። ውሃውን እንደነካ ማዕዘኑ ይጠፋል። ቀልጦ የምታንጸባርቅ ትንሽ ኳስ ይሆናል፣ አረፋ እያወጣ ወዲያና ወዲህ ይሮጣል። የሚገፋው ከሥሩ የሚወጣው ሃይድሮጅን ነው። ውሃው ሮዝ መስመር በመስመር ይሆናል። በዚህ መጠን አብዛኛውን ጊዜ እሳት አይያያዝም። እሳት እንዲይዝ ብለው ፊልተር ፔፐር ላይ አቁመው የሚያሳዩ አሉ፤ ብረቱ መሮጥ ስለማይችል ይሞቅና በቢጫ ነበልባል ይቃጠላል። ያምራል፣ ግን የቀለጠ ሶዲየም ይረጫል። ለክፍል አልመክርም።

አሁን የምለውን አጥብቃችሁ ያዙ። ኳሷ እየጠበበች ሄዳ የጠፋች ስትመስል አልቋል ብላችሁ አትጠጉ። መጨረሻ ላይ በጣም የጋለች ጥርት ያለች ጠብታ ትቀራለች። ውሃው ላይ ለአፍታ ትቆይና «ጧ!» ብላ ትፈነጠራለች። አብዛኛው የዓይን ጉዳት አደጋ ያለው እዚህች ሰከንድ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ለማየት አንገቱን የሚያሰግገው ያኔ ነው። ያ ድምፅ ተሰምቶ፣ ከዚያም በልባችሁ 30 ቆጥራችሁ ብቻ ቅረቡ።

ውሃውን ቀይሩ። ከዚያ ፖታሲየም። ለመናገር ጊዜ አይሰጥም፤ ስለዚህ የምትሉትን ቀድማችሁ በሉ። ውሃውን ሲነካ ሃይድሮጅኑ ወዲያው ይቀጣጠላል፣ ነበልባሉም ሐምራዊ ነው። ቀለሙ የፖታሲየም ተን ነው፤ ሃይድሮጅን ብቻውን ሲነድ ቀለሙ ከቶ አይታይም ማለት ይቻላል። መብራቱን አጥፉ፣ መጋረጃ ካለ ዝጉ። በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል፣ እሱም በፍንጣቂ ነው የሚጨርሰው።

ሦስቱም ያደረጉት ነገር አንድ ነው፦ ብረት ሲደመር ውሃ፣ ሃይድሮክሳይድና ሃይድሮጅን። ሁለት አቶም ብረት ከሁለት ሞለኪውል ውሃ ጋር አንድ ሞለኪውል ሃይድሮጅን ይሰጣል።

ምን ብለን እናስረዳ

«ለምን ይለያያሉ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ጊዜ ስጡ። የተለመደው መልስ ትክክል ነው። ወደ ታች ስንወርድ አቶሙ ይተልቃል፣ የውጨኛዋ ኤሌክትሮን ከኒውክለሱ ትርቃለች፣ ለመንጠቅ የሚያስፈልገው ኢነርጂ ይቀንሳል። በሞል፣ ማለትም ለእኩል ቁጥር አቶም፣ ሊቲየም 520 ኪሎ ጁል፣ ሶዲየም 496፣ ፖታሲየም 419፣ ሩቢዲየም 403፣ ሲዚየም 376።

ግን ጎበዝ ተማሪ «እንግዲያው ፖታሲየም ከሊቲየም የበለጠ ሙቀት ያወጣል ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አያወጣም! ከውሃ ጋር ሪአክት ሲያደርጉ በሞል የሚያወጡት ሙቀት ሊቲየም 222 ኪሎ ጁል፣ ሶዲየም 184፣ ፖታሲየም 196 ነው። ከሦስቱ ብዙ ሙቀት የሚሰጠው ያ ዝግተኛው ሊቲየም ነው። የሊቲየም አዮን በጣም ትንሽ ስለሆነ የውሃ ሞለኪውሎች አጥብቀው ይይዙታል፤ ያ ደግሞ ብዙ ኢነርጂ ይለቃል። ውሃ ላይ ያየነው ልዩነት እንግዲህ የሙቀት ብዛት ሳይሆን የፍጥነት ልዩነት ነው። እኔ በጣም የምወደው የዚህ ትምህርት ክፍል ይኼ ነው። «ሪአክቲቭ» ማለት ብዙ ኢነርጂ ያለው ማለት ብቻ መስሎት የኖረ ልጅ ሐሳቡን ሲያስተካክል ታዩታላችሁ።

ፍጥነቱን ከሚወስኑት አንዱን ደግሞ በዓይናቸው አይተዋል፦ ማዕዘኑን። ሊቲየም የሚቀልጠው በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ስለዚህ ጠጣር እንደሆነ ጨረሰ። ሶዲየም በ98፣ ፖታሲየም በ64 ገደማ ይቀልጣሉ። የቀለጠ ብረት ፊቱን ያለማቋረጥ ያድሳል፣ ከውሃው ጋር አዲስ ገጽ ያገናኛል።

እዚህ ላይ ባሕር ዳር የራሷን ጥሩ ምሳሌ ትሰጠናለች። ከተማችን ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የእኛ የፈላ ውሃ ሶዲየምን ለማቅለጥ አይበቃም። እኛ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አድርገነው ቀለጠ። ታዲያ ሙቀቱ ከየት መጣ? ተማሪው ራሱ ይመልሰው።

ትልቅ ቁራጭ ለምን እንደሚፈነዳ ከጠየቁም መልሱ አዲስ ነው። ለረጅም ዘመን ሃይድሮጅኑ ስለሚቀጣጠል ነው ሲባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ፕራግ ውስጥ የኬሚስቱ ፓቬል ዩንግቪርት ቡድን የሶዲየምና የፖታሲየም ቅይጥ ጠብታ ውሃ ላይ ጥሎ በጣም ፈጣን በሆነ ካሜራ ቀረጸ። ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከጠብታው እሾህ የመሰሉ ነገሮች ወጡ። ኤሌክትሮኖቹ ወደ ውሃው በቅጽበት ሲሸሹ የቀሩት ፖዘቲቭ አዮኖች እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ብረቱም በራሱ ይበታተናል። ተራ ተማሪ ከ200 ዓመት በላይ ያየው ነገር ምክንያቱ የተገኘው በቅርቡ ነው ብላችሁ ንገሯቸው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ ፖታሲየምንና ሶዲየምን በኤሌክትሪክ የለየው እ.ኤ.አ. በ1807 ነው።

አንድ የማይቀር ጥያቄ፦ «ጨው ውስጥ ሶዲየም አለ፤ ወጥ ውስጥ ስንጨምረው ለምን አይፈነዳም?» ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ኤሌክትሮኑን አስቀድሞ ሰጥቷል። የሚሰጠው ነገር የለውም፤ ስለዚህ ከውሃ ጋር አይጣላም።

ሩቢዲየምና ሲዚየም

በትምህርት ቤት አይሠሩም። በቪዲዮ ማሳየት በቂ ነው። ሲዚየም 28.5 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሞቃት ከሰዓት በኋላ ታሽጎ በተቀመጠበት መስታወት ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። ፍራንሲየምን ደግሞ የሚያሳይ ሰው የለም፤ ሬዲዮአክቲቭ ነው፣ ከደቂቃዎች የዘለለ ዕድሜም የለውም።

ከማሳያው በኋላ

አደጋ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሁሉ ነገር አልቆ ተማሪ ከወጣ በኋላ ነው። ብረት የተቆረጠበት ፊልተር ፔፐር ላይ ዓይን የማያየው ፍርፋሪ ይቀራል። ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ እርጥብ ሶፍት ላይ ካረፈ ቅርጫቱ ይነድዳል። ወረቀቱንና ቢላዋውን መጀመሪያ በአልኮል እጠቡ።

የሚጣል የሶዲየም ፍርፋሪ ካለ ትልቅ ቢከር ውስጥ አይሶፕሮፒል አልኮል አድርጉና አንድ በአንድ ጨምሩበት። በአካባቢው ምንም እሳት አይኑር፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ቢከሩ አይከደን። በዝግታ አረፋ ያወጣል። እስከ ማግስቱ ተዉት። ለሊቲየም አብሶሉት (ውሃ የሌለበት) ኢታኖል ይሻላል። ፖታሲየምን በዚህ መንገድ አታጥፉ፤ የተረፈውን ወደ ጠርሙሱ መልሱ። አልኮሉ ከ99 በመቶ ያላነሰ ይሁን። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል አንድ ሦስተኛው ገደማ ውሃ ነው። እሱ ውስጥ ሶዲየም መጨመር ማለት ተቀጣጣይ ፈሳሽ መካከል የውሃ ሪአክሽን ማስነሳት ነው።

የሳፋው ውሃ ቀጭን ሃይድሮክሳይድ ነው። ሮዙ እስኪጠፋ አቼቶ ጨምሩበትና በብዙ ውሃ ፍሳሽ ውስጥ ልቀቁት።

ሐይቁ ጋ የሚወሰድ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1947 የአሜሪካ መንግሥት ከጦርነቱ የተረፈውን በበርሜል የታሸገ ሶዲየም ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ሌኖር ሐይቅ ላይ ጣለው። የተቀረጸው ፊልም ዛሬም ይዞራል፤ ወጣቶችም «ጣና ላይ እንሞክረው» ይላሉ። ጣና የቀረሶና የአምባዛ ቤት ነው። ዓሣ አስጋሪው በታንኳ የሚያድርበት፣ ሰው የሚጠጣው፣ በእምቦጭ የተጨነቀ ሐይቅ ነው። ሃይድሮክሳይድ የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ይህን ሐሳብ የሚያነሳ ተማሪ ካለ በቁጣ አትመልሱት፤ ቁጭ ብላችሁ አስረዱት።

በመጨረሻ ጠርሙሱ ላይ ቀኑን፣ የቀረውን መጠንና የላምባውን ከፍታ በቀለም ምልክት አድርጉ። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ብቻ ይሁን።

ብረቱ ለሌላችሁ

ሶዲየም የሌለው ትምህርት ቤት የነበልባል ቀለሙን ማሳየት ይችላል። የጥርስ መጎርጎሪያ ስንጥር ጨው በሞላበት ውሃ ውስጥ አሳድሩና በቡታ ጋዝ ሰማያዊ ነበልባል ጠርዝ ላይ ያዙት። ደማቅ ቢጫ ያወጣል፤ የሶዲየም ነው። ለፖታሲየም የእንጨት አመድ ዘፍዝፉ፣ አጥልሉ፣ ውሃውን አፍልታችሁ አወፍሩት። ዴቪም ፖታሲየምን ያገኘው ከእንጨት አመድ ከሚወጣው ፖታሽ ነው። አመዱ ውስጥ ሶዲየምም ስላለ ቢጫው ሐምራዊውን ይሸፍነዋል፤ ሰማያዊ የኮባልት መስታወት በዓይናችሁና በነበልባሉ መካከል ስትይዙ ቢጫው ተጣርቶ ሐምራዊው ይወጣል። ነበልባል አጠገብ አልኮል አታፍስሱ።

ሊቲየም ፍለጋ ብሎ የስልክ ባትሪ መክፈት ግን ክልክል ነው። የስልክ ባትሪ ውስጥ ያለው ሊቲየም በአዮን መልክ ነው፤ የምትፈልጉትን ብረት አታገኙም። የምታገኙት ተቀጣጣይ ፈሳሽ፣ መርዛማ ጭስና የማይጠፋ እሳት ነው። ተማሪዎች ይህን በቪዲዮ አይተው እንደሚሞክሩት ስለማውቅ፣ ከማሳያው በፊት በግልጽ ንገሯቸው።